የተቀበረው ዲናሞ

ነጅዋ ኑርዬ ኮምቦልቻ ውስጥ ስምንት ዓመት የፋብሪካ ኤሌክትሪሺያን ሆና ሠርታለች። ሌላው ተስፋ የቆረጠበትን የተቃጠለ ሞተር ፈትታ፣ ሽቦውን ጠቅልላ፣ መልሳ የምታስነሣ ሴት ነበረች። እናቷ ሞተው አባቷ ብቻቸውን ሲቀሩ ግን ሥራዋን ትታ ወደ ትውልድ መንደሯ ወደ ሾላ ውሃ ተመለሰች። ጊዜው ሁለት ሺህ አሥር፣ ሰኔ ነው። ለውጥ መጣ ተብሎ ውጫሌ ገበያ ላይ ሳይቀር ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚያወራበት፣ ያለፈው ሁሉ የሚረገምበት፣ የሚመጣው ሁሉ የሚመረቅበት ወቅት ነበር።

ሾላ ውሃ ከአምባሰል ተራራ ሥር የተሸጎጠች፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ከአንድ ወንዝ የሚቀዳባት፣ ስልሳ ሰባት አባወራ ያላት መንደር ናት። በአናቷ ላይ ከፍተኛ ኃይል የተሸከመ የኤሌክትሪክ መስመር ያልፋል። የብረት ማማዎቹ የቆሙት በገበሬው ማሳ ላይ ነው፤ አንደኛው በነጅዋ አባት በኑርዬ የማሽላ ማሳ መሐል ተገትሯል። ዝናብ ሲመጣ ሽቦው ከላይ እዝዝ ይላል፤ ከሥሩ ያለው ሰው ግን በኩራዝ ጭስ ዓይኑ ይጠፋል። “የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ለካ ስለ እኛ ነው” ይሉ ነበር ሽማግሌዎቹ።

በዚያው ክረምት ኮት የለበሱ ሰዎች መጥተው ስብሰባ ጠሩ። “ያ ዘመን አልፏል! በስድስት ወር ውስጥ መብራት ታያላችሁ!” አሉ። ሰው አጨበጨበ። ነጅዋም እጇ እስኪግል አጨበጨበች። ጥቅምት ላይ የባሕር ዛፍ ምሰሶ በመኪና ተጭኖ መጣና ከመንደሩ ጫፍ እስከ ጫፍ ተተከለ። ሽቦ ግን አልመጣም። አንድ ዓመት ጠበቁ። ምሰሶውን ከሥሩ ምስጥ በላው፤ ሰው አህያ ያስርበት ጀመር።

ነጅዋ ቢሮ ለቢሮ ተመላለሰች። ስንተኛ ጊዜዋ እንደሆነ በጠፋባት አንድ ቀን፣ አንድ ሠራተኛ ኮምፒውተሩን አየት አድርጎ፣

“ሾላ ውሃ? እሷማ መብራት ገብቶላታል” አላት።

“ምን ገባላት?”

“መብራት። ምሰሶ ተተክሏል አይደል እንዴ? ‘ተጠናቋል’ ይላል ሪፖርቱ። የተጠናቀቀ ነገር ደግሞ እንደገና አይጀመርም።”

ነጅዋ ደሟ እንደፈላ ያንን ሁሉ መንገድ በእግሯ ወጥታ ቤቷ ገባች። አባቷ ደጅ ላይ ቁጭ ብለው ነበር። ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ፣

“አባ፣ ወፍጮውን ይስጡኝ” አለቻቸው።

ኑርዬ ከአባታቸው የወረሱት የውሃ ወፍጮ ነበራቸው። ከወንዙ በቦይ የሚመጣው ውሃ የእንጨት መዘውር እየመታ ድንጋዩን ያዞራል።

“ምን ልታደርጊው?”

“ላፈርሰው። ውሃው ይበቃኛል። መብራት ከሰው እጅ አልጠብቅም።”

“ካፈረስሽው በኋላ ባይሆንስ?”

“ካልሆነ መልሼ እሠራዋለሁ።”

“እንግዲያው አብሽሪ” አሉና ተነሥተው የወፍጮ ቤቱን ቁልፍ አመጡላት።

ቦዩን ለማስፋት መንደሩ በሙሉ ወጣ። ዓርብ ዓርብ ክርስቲያኑ፣ እሑድ እሑድ ሙስሊሙ፣ በቀረው ቀን ሁሉም አንድ ላይ ቆፈረ። ተርባይኑን ሐይቅ ከተማ ላይ ሰላሀዲን የሚባል በያጅ ከአሮጌ ቧንቧ ክንፍ እየቆረጠ ሠራላት። ሰላሀዲን እሷ የሣለችውን ሥዕል አገላብጦ አይቶ “ይሄ ነገር ይዞራል ብለሽ ነው?” ቢላት “ካልዞረ እኔን አዙረኝ” አለችው። ፋብሪካ የጣለውን አንድ ዲናሞ ከኮምቦልቻ አምጥታ በገዛ እጇ ጠቀለለችው። ጥር ሁለት ሺህ አሥራ ሁለት ላይ ውሃው ሲለቀቅ ተርባይኑ አጓራ፤ የመጀመሪያውም አምፖል በመንደሩ ጤና ጣቢያ ውስጥ በራ። አዋላጇ ነርስ ተሾመች ከአምፖሉ ሥር ቆማ በሁለት እጇ አፏን ያዘች። ለአሥር ዓመት ባትሪ በጥርሷ ነክሳ ያዋለደች ሴት ናት።

ከዚያ በኋላ ለየቤቱ ሁለት ሁለት አምፖል ተዳረሰ። መስጊዱም ቤተክርስቲያኑም በራ። ጤና ጣቢያው ክትባትና መድኃኒት የሚያቀዘቅዝ ፍሪጅ አገኘ። መንግሥት ግን አንድም ቀን መጥቶ ‘ማን ሠራው?’ ብሎ አልጠየቀም።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ።

በሁለት ሺህ አሥራ አራት ጥቅምት ማለቂያ ላይ ውጫሌም ሐይቅም በታጣቂዎች እጅ ገቡ። የአገሩ መብራት ጠፋ፤ በሾላ ውሃ አናት ላይ የሚያልፈው ሽቦም ጸጥ አለ። ነዳጅ በመጥፋቱ የናፍጣ ወፍጮዎች ቆሙ፤ የየከተማው ሐኪም ቤት ተዘረፈ። በዚያ ሁሉ አካባቢ መብራት ያለው የነጅዋ ዲናሞ ብቻ ሆነ። ከሩቅ ቀበሌ ሳይቀር ምጥ የያዛቸው ሴቶች በቃሬዛ ይመጡ ጀመር።

ታጣቂዎቹ ለመድረስ አምስት ቀን አልፈጀባቸውም። አዛዡ ቀጭን፣ ድምፁ ለስለስ ያለ ሰው ነበር። ወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ላይ ማከፋፈያ ሰክተው ስልካቸውንና የመገናኛ ሬዲዮናቸውን ደረደሩበት። ፈቃድ አልጠየቁም። ነጅዋ ወደ ጤና ጣቢያው ወጣች።

“ላጠፋው ነው” አለቻት ተሾመችን። “የዲናሞውን ብሩሽ ነቅዬ ወንዝ እጥለዋለሁ። በኔ መብራት እየተነጋገሩ ወንድሞቼን ሲገድሉ ቆሜ አላይም!”

ተሾመች በሩን ገርበብ አድርጋ ወደ ውስጥ አሳየቻት። ሁለት አራስ ተኝተዋል፤ ሦስተኛዋ ግድግዳ ተደግፋ ታምጣለች።

“ፍሪጁ ውስጥ ደም የሚያቆም መድኃኒት አለ” አለች ተሾመች። “ከሞቀ ይበላሻል። ሌላ ከየት አመጣለሁ? ደሴ ልሂድ? አጥፊው ካልሽ አጥፊው፤ ግን መጀመሪያ ግቢና ለሷ ንገሪያት።”

ነጅዋ ወደምታምጠው ሴት አየች። ሴትዮዋ አላየቻትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዲናሞው ለሠላሳ ሁለት ቀን አልቆመም። ነጅዋ የእነዚያን ሬዲዮዎች ጩኸት በሰማች ቁጥር ጥርሷን እያፋጨች ተርባይኑን ዘይት ትቀባለች።

ኅዳር መጨረሻ ላይ ታጣቂዎቹ ሊወጡ እንደሆነ ተሰማ። አዛዡ ወፍጮ ቤት መጥቶ ዲናሞውን መታ መታ አደረገው፤ የሚገዛ በሬ የሚያይ ይመስላል።

“ነገ ጠዋት መኪና ይመጣል” አለ። “ይህን ፈትተሽ አዘጋጂልን።”

ከወፍጮ ቤቱ የሚያወጣው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ ድልድዩ ላይ ደግሞ ጠባቂዎች አሉ። ጆንያ ሳይቀር ይፈትሻሉ። ኑርዬ ልጃቸውን ወደ ጥግ ስበው፣

“ጀናዛ ግን አይፈትሹም፤ ሬሳ አይነኩም” አሏት በሹክሹክታ።

የመስጊዱ ኢማም ሼህ ሙሐመድሁሴን ነገሩን ሲሰሙ ፊታቸው ተለወጠ። “ለብረት አልሰግድም” አሉ። “በአላህ ፊት አላሾፍም። ዋሹልን ብትሉኝም አልዋሽም።”

“አይስገዱ፣ አይዋሹ” አሉ ኑርዬ። “ከፊት ከፊት ይሂዱልን ብቻ።”

“መሄድ እችላለሁ” አሉ ሼሁ።

ነጅዋ ዲናሞውን በላስቲክ ጠቀለለችው። ተሾመች ከጤና ጣቢያው ነጭ አንሶላ አመጣች። ጭራሮና ገለባ ጨምረው የሰው ቅርጽ ሰጥተው ገነዙትና ቃሬዛ ላይ አጋደሙት። ልክ ከከሰዓቱ የዐስር ሶላት በኋላ ስምንት ወንዶች ተሸከሙት። ከፊት ሼሁ፣ ከኋላ መንደሩ፣ ከመንደሩ ኋላ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ክርስቲያን ጎረቤቶች። ነጅዋ ሴት በመሆኗ መቃብር አልሄደችም፤ ከወፍጮ ቤቱ ደጅ ቆማ ታያለች። ተሾመች አጠገቧ ቆማ ደረቷን እየደቃች ታለቅሳለች። ልቅሶዋ የእውነት ነበር፤ በዚያ ወር ያላለቀሰችለት ብዙ ነገር ተጠራቅሞባታል።

ድልድዩ ላይ አንዱ ጠባቂ እጁን አነሣ። ሰልፉ ቆመ።

“ማን ነው የሞተው?” አለ ጠባቂው።

“ለዚህ ሰፈር ሌት ተቀን ስትለፋ የኖረች ናት” አሉ ሼህ ሙሐመድሁሴን።

ጠባቂው ወደ ቃሬዛው አየና “ወፍራም ነበረች መሰል” አለ። ከዚያ ምን እንደታየው እንጃ፣ ጠመንጃውን ዝቅ አድርጎ መንገድ ለቀቀ። ዲናሞው ከሙታን መሐል ተቀበረ።

በማግሥቱ መኪናው መጣ። አዛዡ ባዶውን የዲናሞ መቀመጫ አይቶ ዞረ። ነጅዋ ሌሊቱን ያዘጋጀችውን ቃል ሳትንተባተብ አወጣችው፦ “ትናንት ከእናንተው ወገን መጥተው ወሰዱት። እናንተው ናችሁ የላካችኋቸው ብዬ ሰጠሁ።” አዛዡ አላመናትም። እሷን ግን አልነካም፤ ኑርዬን ነው በሰደፍ የመታው። የሽማግሌው ክንድ እንደ ደረቅ እንጨት ቀጭ ሲል ሰማች። ኑርዬ መሬት ላይ ወድቀው እንኳ ቃል አልተነፈሱም። ሬዲዮ ጮኸ፤ መኪናው ጡሩምባ ነፋ፤ ሰዎቹ ሄዱ።

በሦስተኛው ቀን ዲናሞው ከመቃብር ወጣ። ነጅዋ አፈሩን በጨርቅ ጠርጋ፣ ፀሐይ ላይ አድርቃ፣ ገጠመችው። ሲበራ የሰዉ ጩኸት በተራራው አስተጋባ። ‘እንግዲህ ክፉው ቀን አለፈ’ ብላ አመነች።

በታኅሣሥ አጋማሽ ሁለት መኪና ሙሉ ሰዎች መጡ። የመንግሥት አጣሪ ኮሚቴ ነን አሉ። ሰብሳቢው መነጽር ያደረገ፣ ጫማውን ጭቃ እንዳይነካው በድንጋይ በድንጋይ የሚረግጥ ሰው ነበር። ጦርነቱ ሲመጣ ከሁሉ ቀድሞ ከወረዳው በመኪና ከወጡት አንዱ እንደነበር ሰው ሁሉ ያውቃል። ነጅዋ ‘ሊያመሰግኑን ነው’ ብላ እጇን ታጥባ ወጣች።

“ለጠላት ኃይል አቅርበሻል ተብሏል” አላት ሰብሳቢው።

መጀመሪያ የሰማችው ነገር አልገባትም። ሲገባት ደግሞ ሳቋ መጣ፤ ሳቋን ተከትሎ የመጣው ግን ሳቅ አልነበረም።

“ሬዲዮ ቻርጅ አድርገዋል ወይስ አላደረጉም?”

“አድርገዋል።”

“አንቺ ፈቅደሽ።”

“በጠመንጃ መጥተው ሰኩ።”

“ለምን አላጠፋሽውም?”

“በዚያ ወር ሃያ ሦስት ሴት እዚያች ክፍል ውስጥ ወልዳለች። ማን ላይ ላጥፋው? ይንገሩኝ፣ የትኛዋ ላይ?” ድምጿ ከቁጥጥሯ ወጣ። “ለመሆኑ እናንተ የት ነበራችሁ? ስንጮህ የት ነበራችሁ?”

“ጠያቂው እኔ ነኝ” አለ ሰብሳቢው፤ ወረቀቱ ላይም አንድ ነገር ጻፈ።

የቀበሌው ሊቀመንበር ሙላት አጠገቡ ቆሟል። ጀናዛውን ከተሸከሙት ስምንት ሰዎች አንዱ እሱ ነው። ነጅዋ አየችው። ሙላት ጫማውን አየ።

እሷን አንድ መጋዘን ውስጥ ከሌሎች ሰዎች ጋር አሰሯት። ዲናሞውን ደግሞ ለማስረጃ ብለው ነቅለው ጫኑት። ጠላት ሲዘርፈን አንሶላ አለበስነው፤ ወገን ሲዘርፈን ምን እናልብሰው? እያለች ግድግዳውን ስታይ ሃያ ስድስት ቀን አለፈ። በሃያ ሰባተኛው በሩ ተከፈተና “ሂጂ” ተባለች። ክስ የለ፣ ይቅርታ የለ፣ የጻፉት ወረቀት የለ።

ሾላ ውሃ ስትደርስ በመጀመሪያ ያገኘችው ተሾመችን ነው። ተሾመች አቅፋ ሳመቻት፤ ወደ ጤና ጣቢያው ግን አላስገባቻትም። ደጃፉ ላይ አስቀመጠቻት።

“ስህን ሞተች” አለቻት።

ስህን የነጅዋ አብሮ አደግ ናት። ቦዩ ሲቆፈር የመጀመሪያ ልጇን አዝላ አፈር ስታወጣ የዋለች፣ ምላሰኛ፣ ሳቂታ ሴት።

“ልጁ በሰላም ወጣ። ከዚያ ደሙ እምቢ አለ። መድኃኒቱን ሰጠኋት፤ ፍሪጁ ከቆመ ሦስት ሳምንት አልፎታል፤ ውሃ ሆኗል። ሁለተኛውን ሰጠኋት። እሱም ውሃ ነው። በስልክ መብራት እያየኋት እጄ ላይ አለቀች።” ተሾመች እጆቿን ዘርግታ አየቻቸው። “ሄጄ ነገርኳቸው፣ ነጅዋ። ዲናሞው ከተወሰደ በሳምንቱ ሄጄ ይህ ይመጣል ብዬ ነገርኳቸው። ‘በጽሑፍ አቅርቢ’ አሉኝ። በጽሑፍ አቀረብኩ።”

ነጅዋ አላለቀሰችም። ዕንባ ቢመጣላት ይቀላት ነበር።

በጦርነቱ የተበጠሰው ከፍተኛ መስመር በየካቲት ተጠገነ። የመጨረሻው የተጠገነው ማማ የኑርዬ ማሳ ላይ ያለው ስለሆነ፣ በዓሉ እዚያ ተደረገ። ድንኳን ተተከለ፤ ካሜራ መጣ፤ መኪኖች የበቀለውን ሽምብራ ረግጠው ቆሙ። ያው ባለ መነጽር ሰብሳቢ ድምፅ ማጉያ ይዞ፣ “ለሕዝባችን መብራቱን መልሰናል!” አለ። ከላዩ ሽቦው እዝዝ ይላል።

ነጅዋ ከሰው መሐል ወጥታ ወደ ድንኳኑ ሄደች። ሊከለክላት አንድ ሰው እጇን ሲይዝ ኑርዬ በማይታጠፈው ክንዳቸው ገፋ አደረጉት።

“የትኛው ሕዝብ ነው መብራቱ የተመለሰለት?” አለች። ማጉያ አልያዘችም፤ ግን ተሰማ። “እዚህ ከቆመው ሰው በዚህ ሽቦ አንድ ቀን አምፖል ያበራ እጁን ያውጣ!”

እጅ ያወጣ አልነበረም።

“ይህ በራሳችን ላይ የሚያልፍ ነው እንጂ የኛ አይደለም። የኛን እኛ ሠራነው፤ መቃብር ቆፍረን ከጠላት አስቀረነው፤ እናንተ ወሰዳችሁት! ስህን የምትባል ሴት ከዚህ ሁለት መቶ እርምጃ ላይ ደሟ ፈሶ ሞታለች። ካሜራህን ወደዚያ አዙር፣ ወንድሜ። መቃብሯ እዚያ ነው።”

ካሜራ የያዘው ሰው መሣሪያውን ዝቅ አደረገ። ሰብሳቢው “ቅሬታሽን በአግባቡ...” ብሎ ጀመረ። ያን ጊዜ ሙላት፣ ያ ጫማውን ያየው ሊቀመንበር፣ ከጎኑ ተነሥቶ፣

“እኔም ተሸክሜያለሁ” አለ። “ዲናሞውን ከጠላት ደብቀን ስንወስድ ተሸክሜያለሁ። ጠይቃችሁኝ ቢሆን ያን ቀን እናገር ነበር። አልጠየቃችሁኝም። እኔም ፈሪ ነበርኩ።”

በሁለት ሳምንቱ ዲናሞው በፒክአፕ ተጭኖ መጣ። ሹፌሩ “በሙሉ ጤንነት ተረክቤያለሁ” የሚል ወረቀት ይዟል። ነጅዋ እስክሪብቶውን ትታ መፍቻዋን አነሣች። ክዳኑን ስትከፍተው ውስጡ ባዶ ነው፤ የጠቀለለችው መዳብ አንድ ክንድ እንኳ አልተረፈም። ማስረጃ ተብሎ በተቀመጠበት ግቢ ውስጥ አንድ ሰው አራግፎ ሸጦታል።

“እኔ ሹፌር ነኝ፣ እህቴ” አለ ሰውዬው። “ካልፈረምሽ መመለስ አልችልም።”

“እፈርማለሁ” አለች። ወረቀቱን መኪናው ላይ ዘርግታ “በሙሉ ጤንነት” የሚለውን ሰረዘች። በጎኑ ያገኘችውን ጻፈች፦ ቅርፊቱ እንዳለ፣ መዳቡ እንደተሰረቀ፣ ከተወሰደበት ቀን ጀምሮ በመንደሩ የሆነውንና የስህንን ስም ከነቀኑ። ከሥሩ ፈረመች። ኑርዬ አውራ ጣታቸውን አሳረፉ። ተሾመች ፈረመች፤ ሼሁ ፈረሙ፤ ሙላት ማኅተሙን አወጣ። ወረቀቱ ሲሞላ በጀርባው ቀጠሉ። ሹፌሩ ወስዶት ሄደ፤ ቀድማ የገለበጠችው ቅጂ ግን ነጅዋ ጋ ነው።

ሰላሀዲን ነገሩን ሰምቶ ከሐይቅ ከተማ ጋራዥ ለጋራዥ እየለመነ አሮጌ የመዳብ ሽቦ ሰብስቦ አመጣላት። አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን፣ ሁሉም ቁርጥራጭ ነው። አርባ ቀን ፈጀባት። ተሾመች ዙሩን ጮክ ብላ ትቆጥራለች፤ ነጅዋ ትጠቀልላለች። ግንቦት ላይ ዲናሞው ዞረ። እንደ በፊቱ አቅም የለውም፤ የሚችለው ጤና ጣቢያውንና ፍሪጁን ብቻ ነው። ሌላው ቤት ወደ ኩራዙ ተመልሷል። ያማረረ ሰው የለም፤ የነጅዋን ጣቶች አይተዋቸዋል።

ቅጂውን ይዛ ግን በየወሩ ቢሮ ለቢሮ ትሄዳለች። በነሐሴ ሰማይ ተቀድዶ በሚዘንብበት ቀን አንዱ ቢሮ ስትገባ፣ ከጠረጴዛው ኋላ ያለው ወጣት አወቃትና ተነፈሰ።

“እህት ነጅዋ፣ ዲናሞሽ ተመልሶልሻል። ጤና ጣቢያችሁም በርቷል አሉ። ታዲያ ምን ቀረሽ?”

“ስህን ቀርታኛለች” አለች፤ እርጥብ ሻሿን አራግፋ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች።